ቃል አልባው ፊልምና የፈረሰው ሰፈር

ፓሪስ በገባሁ ሰሞን ፈረንሳይኛዬ ከ«ቦንዡር» አያልፍም ነበር። ያኔ ያለ አስተርጓሚ የገባኝ ፊልም አንድ ብቻ ነው፦ የአልቤር ላሞሪስ «ቀዩ ፊኛ»። በ34 ደቂቃው ውስጥ ንግግር የለም ቢባል ይቀላል። አንድ ሕፃንና እንደ ውሻ የሚከተለው ፊኛ፣ በቃ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 በካን ውድድር የአጫጭር ፊልሞችን የወርቅ ዘንባባ ወሰደ። በማግስቱ ዓመት ኦስካር ያገኘው ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ በድርሰቱ ነው!

ባለፈው እሑድ ፊልሙ የተነሣበትን ቤልቪልንና ሜኒልሞንታንን ፍለጋ ዳገቱን ወጣሁ። የኖትርዳም ደ ላ ክሯ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ቆሟል። ሕፃኑ ይሮጥባቸው የነበሩት ጠባብ መንገዶችና ደረጃዎች ግን ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ዛሬ በአካባቢው ያሉት ፎቅ ቤቶችና በ1988 የተከፈተው የቤልቪል መናፈሻ ናቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በ2024 ቤቶቿ የፈረሱባትን ፒያሳን አሰብኩ።

የቤልቪል ሰው ሰፈሩ ሲናፍቀው ፊልሙን ይከፍታል። እኛስ? ወገኖቼ፣ በየሣጥናችሁ ያለውን የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ አትጣሉ። ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚታየው መንገድ ዛሬ ከዚያ በቀር የትም የለም።