ጥላ የማያድንበት ሙቀት

ሐምሌ 1 ቀን 1995 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ቀን 2003) ሳዑዲ ውስጥ ዳህራን ላይ የጤዛ ነጥቡ 35 ዲግሪ ገባ። በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው ይባላል። ያን ሰሞን እኛ ሞጣ ጋቢ ደርበን፣ ጭቃ እየረገጥን ነበር። ዛሬ ቁጥሩን ደጋግሜ የማየው እህቴ ዳህራን አጠገብ፣ ደማም፣ ሰው ቤት ስለምትሠራ ነው።

የጤዛ ነጥብ ምንድን ነው? ቀዝቃዛ ውኃ የቀዳችሁበት ብርጭቆ ውጪው ያልበዋል አይደል? አየሩ የያዘውን እርጥበት መሸከም አቅቶት ነው የሚያራግፈው። ያን ቀን ዳህራን ላይ ከ35 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ያልበው ነበር። የሰው ቆዳ ራሱ ወደ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። ላብ ገላን የሚያበርደው ሲተን ነው፤ አየሩ ጠግቦ ከያዘው ግን ዝም ብሎ ይወርዳል እንጂ አይተንም።

እናቴ የቢቸና ልጅ ናት። ሙቀት ስትል የምታውቀው የዓባይን በረሃ ነው፤ ከደጋው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ የሚገኘውን፣ በበጋ የሚያቃጥለውን ደረቅ ሙቀት። ስለዚህ በስልክ የምትመክራት አንድ ነገር ነው፦ «ጥላ ጥላውን ያዢ፣ የኔ ዓለም፤ ውኃ ጠጪ።» በረሃው ላይ ያድናል። ባሕር ዳርቻ ግን ጥላውም ያው እርጥብ ነው።

አንድ ቀን ላስረዳት ሞከርኩ።

«እማ፣ በነሐሴ ያጠብሽው ልብስ በስንት ቀን ይደርቃል?»

«ኧረ መች ይደርቅና! ሻግቶ ነው የሚወርድ።»

«የሷም ላብ እንደሱ ነው።»

ዝም አለች። ቆይታ «ታዲያ ማድ ቤቱ መስኮት አለው?» አለችኝ። እኔ ስለ ዲግሪ ሳነብ ከርሜ ይችን ጥያቄ አላሰብኳትም ነበር። እህቴን ጠየቅኳት። መስኮት የለውም። ኤሲው ያለው ሳሎን ነው።

ሳዑዲ በበጋው ወራት ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ትከለክላለች። ደግ ሕግ ነው፤ ግን የሚያየው ፀሐይን ነው። ምድጃ ፀሐይ አይደለም።

የአየር ጠባይ ጣቢያ ቴርሞሜትሩን የሚያስቀምጠው ነፋስ በሚያስገባ ነጭ ሳጥን ውስጥ፣ ከፀሐይ ከልሎ ነው። የምናነበው የሙቀት ክብረ ወሰን ሁሉ እዚያ የተለካ ነው። እህቴ ሩዝ የምትቀቅልበትን ክፍል የለካው የለም።