ከመሮጥ ማንጋጠጥ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ የዓባይን ሸለቆ አፋፍ አይስተውም። እኛ የዚያ አገር ልጆች ነን። ጆፌ አሞራ ክንፉን ሳያራግብ በአፋፉ ላይ ሲንሳፈፍ እያየን ስላደግን፣ ሰው በጨርቅ ክንፍ ሲበር የሚያሳይ ፊልም በስልካችን በመጣ ጊዜ ልባችን ቢነሣ የሚፈርድብን የለም። ክርክሩም በመኝታ ክፍላችን ወዲያው ተጀመረ። ከመካከላችን አንዱ «አፋፉ አለ፤ ነፋሱም አለ፤ የቀረን መዝለል ብቻ ነው» አለ። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው ንግግር ነው።

ነገሩ ፓራግላይዲንግ ይባላል። በ1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ አገር ሚዩሲ በምትባል የተራራ መንደር ጥቂት የጃንጥላ ዘላዮች ከአውሮፕላን መዝለሉን ትተው ከቁልቁለት በሩጫ መነሣት ጀመሩ፤ ልማዱም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። ፓራሞተር የሚባለው ደግሞ በጀርባ የሚታዘል ሞተር የተጨመረበት ነው። በሁለቱም ዘንድ ግን የጀማሪው የመጀመሪያ ትምህርት በረራ አይደለም። ሜዳ ላይ ቆሞ ክንፉን ማንሣት፣ ከራስ በላይ አቁሞ መያዝና መልሶ ማስተኛት ነው። ክንፉ እንደ ወይፈን ነው፤ ሳይገራ አይጠመድም።

ሥራው እንዲህ ነው። ተማሪው መታጠቂያውን ታጥቆ፣ የራስ ቁርና ጓንት አድርጎ፣ ጀርባውን ለነፋሱ ፊቱን ለክንፉ ሰጥቶ ይቆማል። የፊተኞቹን ገመዶች ሲስብ በክንፉ አፍ ነፋስ ይገባና ጨርቁ ተነፍቶ ይነሣል። ከራሱ በላይ ሲደርስ በፍሬኑ ገታ ካላደረገው አልፎት ይሄዳል። ክንፉ ወደ አንድ ጐን ቢያዘነብል፣ ተማሪው ወደዚያው ጐን ተራምዶ ከሥሩ ይገባል፤ ከፍ ያለውንም ጐን በፍሬን ይይዛል። ነፋሱ በርትቶ ቢጐትተው ወደ ኋላ አይታገልም፤ የኋለኞቹን ጠፍሮች ስቦ ወደ ክንፉ ይሮጣል፤ ያን ጊዜ ክንፉ ይወድቃል።

አባቶቻችን «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» ሲሉ ስለ ጸሎት መናገራቸው ነበር፤ ለዚህ ትምህርት ግን ቃል በቃል ይሠራል። ክንፉ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ገመዱም አለመጠላለፉን አንጋጦ ያላየ ተማሪ አይሮጥም። የተጣጠፈ ክንፍ በሜዳ ላይ ቢወድቅ ተስቆ ይታለፋል፤ በአፋፍ ላይ ግን ሁለተኛ ዕድል የለም። ሞተር ሲታዘልም አደጋው ይጨምራል፤ የላላ ገመድ በሚሽከረከረው መዘውር ሊጠለፍ ይችላልና። ስለዚህ ልምምዱ መጀመሪያ ያለ ሞተር ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ያው ክንፍ ያንኑ ሰው ለማንሣት ከዐሥር እጅ አንድ እጅ በላይ የጨመረ ፍጥነት ይፈልጋል። በቀትር ፀሓይ የሸለቆውን ግድግዳ ስታግለው አየሩ እየተገፋ ይወጣል፤ ነፋሱም ከዚህም ከዚያም ይመታል። ለጆፌው ይህ መሰላል ነው፤ ለጀማሪ ግን ወጥመድ ነው። ጀማሪ የሚፈልገው ከአፋፉ ራቅ ያለ፣ ዛፍና የመብራት ሽቦ የሌለበት ሜዳ፣ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የተስተካከለ ነፋስ ነው።

ይህን ሁሉ በንባብ ካገኘን በኋላ በጥር ዕረፍት አገራችን ገባን፤ አባቶቻችን ጤፍ ሲያናፍሱም ከዐውድማው አጠገብ ተቀመጥን። ከመንሹና ከላይዳው በፊት የሚሠራው እጅ ነው፤ አንድ ጭብጥ እብቅ ወደ ላይ ይለቀቅና የነፋሱ አቅጣጫና ጕልበት ይታያል። ነፋሱ ሲወላውል «ቆዩ ልጆቼ፤ ገና አልቀናም» ይባላል። ምርቱ ተቆልሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ጠላው ቀርቦ ሳለ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ይጠበቃል። በመጥፎ ነፋስ የተናፈሰ ጤፍ ከእብቁ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃልና የሚቈጣ የለም።

በራሪዎችም ከመነሣታቸው በፊት ሣር ነጭተው ይለቃሉ። ብዙ ወጣት የሚያቅተው ክንፉን ማንሣቱ አይደለም፤ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ «ዛሬ አይሆንም» ብሎ ማስተኛቱ ነው። ይህን ትዕግሥት ከውጭ አገር መምህር ብቻ የምንጠብቅ ከሆነ በደጃችን ያለውን ትምህርት ንቀናል ማለት ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ እኛ ገና ክንፍ የለንም። ክንፍ ሲገኝም የሠለጠነ መምህርና ሕጋዊ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የመዝለሉን ሐሳብ ያመጣው ጓደኛችንም አሁን ከእኛ ጋር ሆኖ ሜዳ ይመርጣል። ወደ አገራችን ክንፍ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር አንድ ነገር እንለምነዋለን፤ ጨርቁን ከመዘርጋቱ በፊት ከዐውድማው ላይ ያለውን ገበሬ ስለ ነፋሱ ይጠይቀው።