«ሲፕሮ ስጪኝ» ከማለታችሁ በፊት

ሽንት ማቃጠል ቀላል ስቃይ አይደለም። ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ሲያመላልስ ያድራል፣ ጠብታ ወጥቶ መልሶ ያጣድፋል፣ ከእምብርት በታች ይጨመድዳል። ስለዚህ ሴቶች በማለዳ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጥተው «ሲፕሮ ስጪኝ» እያሉ ይህን አንቲባዮቲክ ሲጠይቁኝ አልፈርድባቸውም። በቅርቡ የመጣች አንዲት እህት የጎረቤቷን መድኃኒት ማሸጊያ በስልኳ ፎቶ አንስታ አሳየችኝ። ከአሥሩ ፍሬ ስድስቱ ወጥተዋል። «እሷን በሦስት ቀን አሽሏታል፤ ለኔም ስድስት ፍሬ ይበቃኛል» አለችኝ። ሐኪም አይቷት እንደሆነ ስጠይቃት «ለዚህ ብዬ ካርድ ላወጣ ነው እንዴ?» አለች። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ለሚያስቡ ሁሉ ነው።

ብዙ ሰው በሽታውን ብርድ ያመጣው ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መነሻው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። መኖሪያው የራሳችን አንጀት ነው፤ እዚያ እስካለ ድረስ በአብዛኛው አይጎዳንም። ችግሩ ከፊንጢጣ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሽንት ቧንቧ ሲገባ ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የወንድ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይያዛሉ፤ አንዱ ምክንያት ይህ የቧንቧው ማጠር ነው። ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ባክቴሪያው የሚመጣው ከአንጀታችን ከሆነ፣ ከዚህ በፊት የዋጥነው አንቲባዮቲክ ሁሉ ጉዳዩ ውስጥ አለበት። ለጉንፋን ብለን አሞክሳሲሊን እንወስዳለን። ጉንፋን የቫይረስ በሽታ ስለሆነ መድኃኒቱ ምንም አያደርግለትም። አንጀት ውስጥ ግን ሥራውን ይሠራል፤ የሚሸነፉለትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ የተላመዱት ተርፈው ይራባሉ። ከወራት በኋላ ወደ ፊኛ የሚሻገረው ከእነዚያ ከተረፉት አንዱ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢኤምጄ በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ የጥናቶች ግምገማ፣ አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ የመሸከም ዕድሉ በመጀመሪያው ወር ከፍ እንደሚል፣ እስከ 12 ወር ድረስም ሊቆይ እንደሚችል አሳይቷል። እንግዲህ ጎረቤቷን ያሻላት መድኃኒት ይህችን እህት ላያሽላት ይችላል። ሁለቱ ሴቶች የተሸከሙት ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል።

ለሲፕሮ የምሳሳው ጥሩ መድኃኒት ስለሆነ ነው። ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ሲወጣ እንፈልገዋለን። በሌላ በኩል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016፣ መድኃኒቱ በጅማት፣ በጡንቻና በነርቭ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት የተነሣ፣ ሌላ አማራጭ እያለ ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን እንዳይታዘዝ አሳስቧል። ለቀላሉ በቅድሚያ ከሚታሰቡት አንዱ ናይትሮፉራንቶይን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ቀን ይታዘዛል። ሽንት ውስጥ በብዛት ይጠራቀማል፣ የአንጀትን ባክቴሪያ ብዙ አይነካም። ነገር ግን ኩላሊት ውስጥ በቂ መጠን አይደርስም። ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ የጎን ውጋት ወይም ማስታወክ ከመጣ በሽታው ከፊኛ አልፏል ማለት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ግድ ነው። ይህን መለየት ከመደርደሪያ ማዶ ሆኖ አይቻልም። ደግሞም ያቃጠለ ሁሉ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አይደለም፤ የማሕፀን በር ወይም የብልት ኢንፌክሽንም ያቃጥላል፣ ሕክምናውም ሌላ ነው።

በሽታው እየተመላለሰ የሚያስቸግራችሁ ካልቸር የሚባለው የሽንት ምርመራ ይሠራልኝ በሉ። ሽንቱ የሚሰጠው የመጀመሪያው ክኒን ከመዋጡ በፊት ነው። ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ነገር ግን ባክቴሪያው የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ፣ በየትኛው እንደሚሞት ለይቶ ይነግራል። ነፍሰ ጡሮች ምንም ባያማቸውም እንኳ ሽንታቸውን መመርመር አለባቸው፤ ሽንታቸው ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሳይታከም ከቀረ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል። ሌላው ሰው ግን ሕመም ሳይኖረው ምርመራው ላይ ባክቴሪያ ስለታየ ብቻ በአብዛኛው አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም።

ስለ ውኃም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ፊኛቸው በተደጋጋሚ የሚመረዝ 140 ሴቶችን ለ12 ወር ተከታትሏል። በቀን 1.5 ሊትር ውኃ ጨምረው የጠጡት በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ፣ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ ታመዋል። ቁጥሩን ሳይ ገበያ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀመጡት ሴቶች ይታዩኛል። መጸዳጃ ቤት ስለሌለ ውኃ አይጠጡም፤ ረጅም መንገድ የሚሄዱትም አውቶቡሱ እስኪቆም ሽንታቸውን ይይዛሉ። ለእነዚህ ሴቶች «ውኃ ጠጡ» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም። በየገበያውና በየመናኸሪያው ንጹሕ የሴቶች መጸዳጃ ቤት መሥራት አንቲባዮቲክን ከማዳን ሥራ ተለይቶ መታየት የለበትም።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አንሽጥ። ሕጉም የሚለው ይኸው ነው፤ ደንበኛው ተቆጥቶ ቢወጣም። እናንተ ደግሞ ከሕመም የተረፈ ክኒን ቤት ውስጥ አታስቀምጡ፣ ለእህታችሁም አታካፍሉ። ሲያቃጥላችሁ ካርድ አውጡ፣ ሽንት ስጡ፣ የታዘዘላችሁን በታዘዘው ቀን ልክ ውሰዱ።