ከፊደሉ ራስ ላይ፤ የደብረ ታቦር የጉዞ ማስታወሻ

ወረታ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወረታ ላይ ይገነጠላል። አንደኛው ወደ አዲስ ዘመን ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ይወጣል። ጊዜው ጥቅምት ነው። የፎገራ ሩዝ ገና አልታጨደም፤ ሜዳው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ እየዞረ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የሚወራው ግን ስለ አዝመራ አይደለም። የትኛው ኬላ እንደሚያሳልፍ፣ ትናንት ማን ከመንገድ እንደተመለሰ፣ ስንት ሰዓት ላይ መንገድ እንደሚዘጋ ነው የሚወራው። ግጭቱ ከተነሳበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በዚህ አገር መንገደኛ የሚወጣው መንገዱ ሲፈቅድለት ነው።

አጠገቤ የተቀመጡትን እናት ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኋቸው። “ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ከብት ይጠብቃሉ” አሉኝ። ትንሽ ቆዩና “ደብተራቸውንም አይጥ በላው፣ ልጄ” ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች በሚሊዮን እንደሚቆጠሩ በዜና ስሰማ ኖሬያለሁ። የአይጧ ነገር ግን እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም።

የመጣሁት የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበትን ጋፋትን ለማየት ነበር። ባሕር ዳር ያለ ወዳጄ ግን “ደብረ ታቦር ከወጣህ አይቀር አንድ ዲያቆን አለ፣ ሳታገኘው እንዳትመለስ” ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኛል።

ደብረ ታቦር

ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ዲያቆኑ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ሌሊት የአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ዘበኛ ነው። ማታ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቶ እየሮጠ ጥበቃው ላይ ይደርሳል። አሥረኛ ክፍል ነው። “በዚህ ዕድሜ አሥረኛ ክፍል” የሚል ሰው ሞልቷል። እስከዚያ ድረስ የት እንደቆየ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

የተወለደው ጋይንት ነው። አባቱ ሲሞቱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እናቱም ለየኔታ ሰጡት። ፊደሉንና ዳዊቱን ጨርሶ ወደ ጎጃም ተሻገረ፤ ቅኔ ቤት ገባ። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ የሰው በር ላይ ቆሟል። ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ውሻ የነከሰው ጠባሳ አለ። “እንጀራው ካልተገኘ ቆሎ፣ ቆሎው ካልተገኘ ውኃ” አለኝ፤ አላማረረም። ከጉባኤ ቃና ተነስቶ መወድስ እስኪደርስ ማታ ማታ ቅኔ እየቆጠረ፣ ጠዋት ለየኔታ እየነገረ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ተመልሶ በደቡብ ጎንደር ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም፣ የዜማው መጽሐፍ ወደሆነው ወደ ድጓው ምስክር ቤት፣ ገባ። ጾመ ድጓውንና ምዕራፉን ጨርሶ ድጓውን ሲጀምር እናቱ ታመሙ። ለመድኃኒት የሚሆን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወረደ፤ የወረደው በዚያው ቀረ።

ይህ ሁሉ ዓመት በመንግሥት መዝገብ ውስጥ የለም። የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ የሚጠይቀው ጽሕፈት ቤት የመወድስ ማስረጃ አይቀበልም። ስለዚህ በቃሉ የሚያዜመው የግዕዝ ቃል ከብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚልቀው ልጅ ከሕፃናት ጋር መደመርና መቀነስ ሊማር ተቀመጠ፤ ክፍሎቹን እያጣመረ በማታ አለፈ። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ግን ተናደድኩ፤ አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ። አገር እንዲህ ያለውን አእምሮ አሳድጋ አሳድጋ በር ላይ ወረቀት ትጠይቀዋለች።

ስልኩ

ስልኩ መስታወቱ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ተክኖ ነው። ከፍቶ አንድ የድጓ መስመር አሳየኝ። ፊደሎቹ በሥርዓት ተደርድረዋል። የዜማ ምልክቶቹ ግን ከፊደሎቹ ራስ ላይ መቀመጥ ሲገባቸው መሀል ገብተው፣ ቃሉን ቆራርጠውታል።

“ይሄን ማን ያነበዋል፣ ጋሼ?” አለኝ። “ድፋቱ ከጎን ሲሆን የየትኛው ፊደል ነው? ያለፈው ነው የሚመጣው?”

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ልግለጸው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ ድጓውን የደረሰው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ምልክቶቹን ያደራጁት ግን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያሉ ሊቃውንቱ የሚጠሯቸው እነዚህ ምልክቶች ከቃሉ በላይ በደቃቁ ይጻፋሉ፤ ድምፁ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የት እንደሚቆረጥ ይናገራሉ። በቤተልሔም ሥርዓት ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ ገልብጦ መጽሐፉን ይዞ ይወጣል። በኮምፒውተሩ ዓለም ደግሞ ዩኒኮድ የሚባለው የፊደላት መለያ ሥርዓት ግዕዝን እ.ኤ.አ. በ1999 አስገባ፤ በ2005 ደግሞ 10 የዜማ ምልክቶችን ጨመረ። ምልክቶቹ መለያ ቁጥር አገኙ ማለት ነው። ነገር ግን የተመዘገቡት ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ምልክቶች ስለሆነ ከፊደሉ ራስ ላይ በራሳቸው አይወጡም። ማውጣት የፎንት ሠሪውና የፕሮግራም ጸሐፊው ሥራ ነው።

ዲያቆኑ ቴክኖሎጂ መማር የሚፈልገው ለዚህ ነው። ስለ ሀብታም አገር አላወራኝም፤ ስለ ደመወዝም አላነሳም። “ድጓውን ከነምልክቱ የሚጽፍ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ” አለኝ። “ልጁ ስልኩ ላይ ያንን መስመር ሲነካ የየኔታ ድምፅ እንዲሰማው።”

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ነበር በሩን የከፈተለት። የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርቱን በዚያችው በተሰነጠቀች ስልክ ጨርሷል። እንዴት እንደጨረሰው ካስረዳኝ በኋላ ነው ሰርተፊኬቱን ያሳየኝ። ኢንተርኔቱ በክልሉ ከአንድ ዓመት በላይ እየተቋረጠ ሲመጣ ሲሄድ ነበር። ሲመጣም ጥቅል መግዣ የለም፤ ጥቅሉ ሲገኝ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲኖር በዘበኛ ቤቱ አምፖል ሥር ትምህርቱን ወደ ደብተር ይገለብጣል፤ ሲጠፋ ከደብተሩ ያጠናል።

ደብተሩን አገላበጥኩት። በግራው ገጽ ውዳሴ ማርያም በየዕለቱ ተከፋፍሎ፣ ርእሱ በቀይ ቀለም ተጽፏል። በቀኙ ገጽ በዚያው ቀጥ ባለ የቁም ጽሕፈት እጅ የእንግሊዝኛ ትእዛዞች ተደርድረዋል፤ መስመር በመስመር፣ እየገባ እየወጣ፣ ቅንፉ ሁሉ በቀይ። “ቅንፉ ካልተዘጋ ይከለክላል። ቅኔም እንዲሁ ነው፤ ቤት ካልመታ የኔታ ‘ሂድና ተመለስ’ ይላሉ” አለኝ። ላፕቶፕ ነክቶ አያውቅም። ኮዱን በወረቀት ጽፎ፣ በጭንቅላቱ አስኪዶ፣ የተረፈውን በአውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ይሞክራል። የከበደው እንግሊዝኛው ነው፤ እያንዳንዱን ቃል በግዕዝ ሰዋስው መንገድ ግስ ነው ስም ነው እያለ ይፈታል።

የጽጌ ማሕሌት

ቅዳሜ ማታ ተራውን ለጓደኛው ሰጥቶ ማሕሌት ሊቆም ሄደ፤ ተከተልኩት። ወቅቱ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ የእመቤታችንን ስደት እያሰቡ ሌሊቱን በማሕሌት ያነጋሉ። የጉና ብርድ ከተማዋ ላይ ወርዶ ስለነበር ጋቢዬን ደራርቤም ተንቀጠቀጥኩ። እሱ በአንድ ነጠላ ነው ያነጋው። በመቋሚያው ላይ አገጩን አስደግፎ ሲቆም ያ ዘበኛ፣ ያ የማታ ተማሪ፣ የት እንደሄደ አላውቅም። ጸናጽሉ አንድ ጊዜ ሲመታ ሁሉም አንድ ላይ ጎንበስ ይላሉ፤ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ወደ ወረቡ ይደርሳል። ከሊቃውንቱ አንዱ ቃል ሲስት ከወዲያ ጥግ ዲያቆኑ በለሆሳስ አነሳለት፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም።

ሲነጋ በደጀ ሰላሙ ጠየቅሁት፤ እምነቱ ተፈትኖበት ያውቅ እንደሆነ። ዝም ብሎ ቆየ።

“እናቴ ታማ፣ ኔትወርኩ ጠፍቶ፣ ትምህርቱም ቆሞ በነበረ ጊዜ አማርሬያለሁ” አለኝ። “ከሱ በቀር የማማርርበት አልነበረኝምና ለሱው አማረርኩ። ደጁን ግን አልለቀቅሁም፣ ጋሼ። ብለቅ ወዴት እሄዳለሁ?”

ከአብሮ አደጎቹ አንዳንዶቹ “አስኳላ ገባ፣ ተለወጠ” ይሉታል። የማታ ትምህርት ጓደኞቹ ደግሞ “ደብተራው” እያሉ ይጠሩታል። በሁለቱም በኩል እንግዳ ነው። እኔ እንደማየው ግን ያንን ሥራ ሊሠራ የሚችለው በሁለቱም በኩል የቆመ ሰው ብቻ ነው። ጎበዝ የሶፍትዌር ባለሙያ ሞልቷል፤ ድፋትን ከቅናት ለይቶ የሚያውቅ ግን ከመካከላቸው ስንት ይገኛል?

ድጓ ያስተማሩት መሪጌታ ለንግሥ ከተማ ገብተው ስለነበር ወስዶ አስተዋወቀኝ። ጉልበታቸውን ሳመ፤ እኔም መስቀል ባይይዙም እጃቸውን ሳምኩ። ስለ ሐሳቡ ስጠይቃቸው አልነቀፉም፤ ግን አላሞገሱም።

“ብራና ላይ ሲሳሳት አንድ መጽሐፍ ይበላሻል፤ አርመዋለሁ” አሉኝ። “ይሄ የምትሉት ነገር ላይ ሲሳሳት በአንድ ቀን ለሺ ሰው ይደርሳል። ያንን ማን ያርመዋል?”

ዲያቆኑ አንገቱን ደፍቶ “የኔታ፣ እርስዎ ያርሙታል፤ እኔ እጽፋለሁ” አለ። መሪጌታው መልስ አልሰጡትም። ስንነሳ ግን “ድጓህን መጀመሪያ ጨርስ። ሳትጨርስ እንዳትጀምር” አሉት። ትክክል ናቸው። ጊዜውን ከየት ያመጣዋል የሚለውን ግን እሳቸውም እኔም አልመለስንለትም።

ጋፋት

ጋፋት ከደብረ ታቦር ብዙ አይርቅም፤ በእግር ሄድን። ኮረብታው ላይ የቆመ ምድጃ የለም። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስፈበረኩበት ቦታ ይህ መሆኑን የማያውቅ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። በ1850ዎቹ እዚህ ከሠሩት አውሮፓውያን ብዙዎቹ፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ባልንጀሮቹ፣ ከስዊዘርላንድ ክሪሾና የመጡ የወንጌል መልእክተኞች ነበሩ። የእጅ ሙያ ስለነበራቸው ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው፤ የአገሩ ወጣቶችም ከነሱ ሙያ እንዲቀስሙ ተደረገ። የመጀመሪያ ሙከራዎች ከሽፈው በስተመጨረሻ 70 ኩንታል ይመዝናል የሚባለው መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ወጣ፤ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ።

ዲያቆኑ ታሪኩን ያውቀዋል። “ካህናቱና ንጉሡ ተጣሉ፣ ወጣቶቹም የተማሩት ሳይስፋፋ ቀረ” አለኝ። ጥቂት አሰበና “እኔ መድፍ አልሠራም” አለ። “ግን ያን ጊዜ የተማሩት ልጆች ከማን ዘንድ እንደተማሩ ሳይሆን ለማን እንዳስተማሩ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።”

ቁጭ ብለን ስለ ፈተናው አወራን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ቁጥሮቹን በቃሉ ይዟቸዋል። የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው፦ ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ኮድ የሚጽፈው ልጅ የኮምፒውተር ቁልፍ የት እንዳለ ሳያውቅ ኮምፒውተር ፊት ሊቀመጥ ነው።

ባሕር ዳር

ስመለስ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ፣ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሆነው፣ የተማረና ፎንት የሚሠራ ሰው አፈላልጌ አገኘሁ። የዲያቆኑን መስመር በስልኬ አሳየሁት። ሊሠራ የሚችል ነገር ነው አለኝ፤ ፎንቱ ውስጥ ለፊደሉም ለምልክቱም የሚገናኙበት ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ነጥብ በነጥብ ላይ ሲያርፍ ምልክቱ ራስ ላይ ይወጣል። ፎንትፎርጅ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል።

ወዲያው ደብረ ታቦር ደወልኩና ነገርኩት። ደስ ያለው እንደሆነ ከድምፁ አላወቅሁም፤ ወዲያው ጥያቄ ጀመረ። “ባንድ ፊደል ላይ ሁለት ምልክት ሲደራረብስ? ረጅም ርክርክ ሲሆን ቀጣዩን ፊደል ቢነካስ? ከላዩ ደግሞ ደቃቁ ፊደል አለ፤ እሱስ የት ይቀመጣል?” ስልኩን ለባለሙያው ሰጠሁት። ከግማሽ ሰዓት በላይ አወሩ፤ ሰውዬው መሀል ላይ እስክሪብቶ ለመነኝ፤ መጻፍም ጀመረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከማሕሌቱ በፊት እንዲደዋወሉ ተስማምተዋል። የላፕቶፑን ነገር እኔና ወዳጆቼ ይዘነዋል፤ መዋጮው ተጀምሯል፤ ያገለገለ ነው የምንገዛው። መንገዱ ከተከፈተ ለጥምቀት ይደርስለታል።