የሶላሪየም ትራስ እና ጀርባ ላይ የሚቀሩት ነጣ ያሉ ቦታዎች



የዛሬው ርዕስ አገር ቤት ላላችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። እኔ ጋ ቆዳዬን ላጥይም ብሎ ገንዘብ ከፍሎ የተጎዳ ሰው ብዙ አይመጣም። የሚመጡት የተገላቢጦሹ ናቸው፤ ፊታቸውን ለማቅላት ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ክሬም ለወራት ቀብተው፣ ቆዳቸው ሳስቶ፣ ፀሐይ በነካቸው ቁጥር የሚቃጠሉ። እዚህ ለመቅላት ይከፈላል፣ ፈረንጅ አገር ለመጠየም ይከፈላል። ሁለቱም ገበያ የሚኖረው ሰው የተፈጠረበትን ቀለም ሲጠላ ነው፤ ይህን ሌላ ቀን እናወራዋለን።

ውጭ አገር ያላችሁ ሶላሪየም የሚለውን ጽሑፍ በየመንገዱ ታነባላችሁ። ከላይና ከታች የአልትራቫዮሌት መብራት የተደረደረበት፣ ሰው ልብሱን አውልቆ ገብቶ ክዳኑን የሚዘጋበት አልጋ ነው። የሚተኛው ጠንካራ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ ነው። አልጋው ጠንካራ ስለሆነ ከአንገት፣ ከወገብ ወይም ከጉልበት ሥር የሚደረግ መደገፊያ ትራስም ይሸጣል። ማስታወቂያው "ቀለሙ እኩል እንዲወጣ" ይላል። ይህ ትራስ ይጠቅማል ወይ የሚል ጥያቄ ከስቶክሆልም በውስጥ መስመር ስለደረሰኝ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ጠያቂዬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር እንዳልጽፍ ተስማምተናል። አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ነች፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ። በክረምት ጨለማ ወጥታ ጨለማ ትገባለች። ድካምና የአጥንት ሕመም ሲበረታባት ተመረመረች፣ ቫይታሚን ዲ በጣም አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ኪኒን ታዘዘላት። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ግን "ኪኒን ምን ያደርግልሻል፣ የጎደለሽ ፀሐይ ነው፣ ሶላሪየም ግቢ" አለቻት። ገባች። ከስድስት ወይም ከሰባት ጊዜ በኋላ ባለቤቷ ጀርባዋን አይቶ ደነገጠ። በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች ላይ እና ከመቀመጫዋ በላይ ባለው አጥንት ላይ ነጣ ያሉ ክብ ክብ ቦታዎች ወጥተዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ትገምታላችሁ። ለምጽ ነው ተባለ። እናቷ ከአገር ቤት ደውለው "ከእኛ ዘር ማንም የለበትም" አሉ። እሷ ትልቋን ልጇን በራሷ ፎጣ እንዳትጠቀም ከለከለቻት። (ለምጽ በፎጣም ሆነ በመንካት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን መቶ ጊዜ ብጽፈው አይሰለቸኝም።) የሶላሪየሙ ሠራተኛ ደግሞ ምንም ሳትደነግጥ "ይህማ የተለመደ ነው፣ ትራሱን ግዢ" አለቻት። ጥያቄዋ እንግዲህ ይህ ነበር፦ ለምጽ ነው ወይስ ትራስ ልግዛ?

በፎቶ ምርመራ አልሰጥም። የነገርኳት ቦታዎቹ ያሉበትን እንድታስተውል ነው። ለምጽ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በፊት፣ በአፍና በዓይን ዙሪያ፣ በጣቶች፣ በብልት አካባቢ ነው። የእሷ ግን ጀርባዋ ላይ፣ ግራና ቀኝ እኩል፣ አጥንት ቆዳን በሚገፋበት ቦታ ብቻ ነው። ቀለሙም እንደ ኖራ የነጣ ሳይሆን ከዙሪያው ፈካ ያለ ነው። የቆዳ ሐኪም እንድታይ፣ ሐኪሙም ጨለማ ክፍል ውስጥ በልዩ መብራት እንዲያይላት መከርኳት። የለምጽ ቆዳ በዚያ መብራት ሥር ደምቆ ያበራል። የእሷ አላበራም። ለምጽ አይደለም።

ታዲያ ምንድን ነው? መዳፋችሁን መስታወት ላይ ተጫኑና በወዲያኛው በኩል እዩት፤ ይነጣል። የተጫነው ቦታ ደም ሸሽቶታል። ጠንካራ አልጋ ላይ በጀርባችን ስንተኛም የትከሻ አጥንት፣ የታችኛው ወገብ፣ ክርንና ተረከዝ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። የሶላሪየም መብራት በአብዛኛው የሚያመነጨው ዩቪኤ የተባለውን ጨረር ሲሆን፣ ይህ ጨረር ቆዳ ውስጥ ያለውን ሜላኒን የሚያጠቁረው ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። ኦክስጅን የሚመጣው በደም ነው። ደም የሸሸው ቦታ ሳይጠቁር ይቀራል፣ ዙሪያው ይጠቁራል። ስለዚህ ነጣ ያለው ቦታ አዲስ በሽታ ሳይሆን የድሮው ቀለሟ ነው፤ የተለወጠው የቀረው ጀርባዋ ነበር።

(ከፀሐይ ወይም ከሶላሪየም በኋላ ደረትና የላይኛው ጀርባ ላይ ብዙ ትናንሽ ነጣ ያሉ፣ ሲፋቁ ቅርፊት የሚያነሱ ነጠብጣቦች ካያችሁ ደግሞ ቋቁቻ ሊሆን ይችላል። እሱ ፈንገስ ነው፣ በሚቀባ መድኃኒት ይድናል፣ ቀለሙ እስኪመለስ ግን ወራት ይፈጃል።)

ወደ ትራሱ እንመለስ። ትራሱ የሰውነትን ክብደት ከአንድ ነጥብ ላይ ይበትናል፣ ደም ይተላለፋል፣ ቀለሙ ይቀራረባል። ሻጮቹ በዚህ አልዋሹም። ያልነገሯት ሌላ ነው። ያ ነጣ ያለ ቦታም ጨረሩ አላመለጠውም፤ መብራቱ ከሥሩ ነው፣ ፕላስቲኩም ያሳልፋል። የሴል ዲኤንኤ በአልትራቫዮሌት በቀጥታ የሚጎዳው ጉዳት ኦክስጅን አይጠይቅም። ቆዳችን ፀሐይ ሲመታው የሚጠቁረው ሴሎቹ ስለተጎዱና ተጨማሪ ጉዳት ለመከላከል ስለሚሞክር ነው። ስለዚህ ትራስ ተደረገም አልተደረገም የተወሰደው የጨረር መጠን ያው ነው፤ ትራሱ የሚያስተካክለው መልኩን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2009 እ.ኤ.አ. እነዚህን አልጋዎች በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጠባቸው ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ሲጋራ ያለበት ምድብ ነው። በ2012 የበርካታ ጥናቶች ውጤት ተጠቃሎ ሲታይ፣ ከ35 ዓመት በፊት የጀመሩ ሰዎች ሜላኖማ በተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ59 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ብራዚል በ2009 ለውበት የሚደረገውን አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ከለከለች። ስዊድን ራሷ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ከልክላለች። ይህን ለጠያቂዬ ስጽፍላት "እኔ እኮ ልጄም ስለደከማት ልወስዳት ነበር" ብላ መለሰችልኝ። ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው።

እነዚያ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት በነጭ ቆዳ ላይ ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጬ እኛ ላይ አልለጥፍም። የጥቁር ሰው ቆዳ በሜላኒኑ ምክንያት አልትራቫዮሌትን ከነጭ ቆዳ በብዙ እጥፍ ይከላከላል፣ ከፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰርም እኛ ላይ ያነሰ ነው። (አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ይህ መከላከያ የላቸውም፤ ለእነሱ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌና የፀሐይ መከላከያ ቅባት መድኃኒት ነው።) ሆኖም ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። ዓይን ደግሞ የቆዳ ቀለም አያድነውም፤ መከላከያ መነጽር ሳያደርጉ ዓይንን መጨፈን ብቻ አይበቃም። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ አንቲባዮቲክ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቆዳው በጨረር በቀላሉ ሊጎዳ ይችላል። ሉፐስ ያለባት ሴትማ ጭራሽ መግባት የለባትም።

የገባችበት ምክንያት ቫይታሚን ዲ ነበር አይደል? እሱንም በደንብ አላገኘችም። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በዩቪቢ ጨረር ነው፤ ሶላሪየም ውስጥ የሚበዛው ግን ዩቪኤ ነው። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ስቶክሆልም በክረምት ከሰማይም ቢሆን በቂ ዩቪቢ አይወርድም። ለእሷ ያለው መንገድ ያ የናቀችው ኪኒን ነው። አሁን በሐኪሟ ትእዛዝ እየወሰደች ነው፤ ጀርባዋም ሶላሪየሙን ካቆመች በኋላ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ቀለም ተመልሷል። ትንሹ ልጇ 8 ወሩ ነው፣ በየቀኑ ጠብታ ይሰጠዋል። ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት የሚመከረው በቀን 400 ዩኒት፣ ማለትም 10 ማይክሮግራም ነው። አብዝቶ መስጠት ስለሚጎዳ የጠብታውን ልክ ከማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ የአንዱ ምርት ጠብታ ከሌላው አይመሳሰልም።

አገር ቤት ያላችሁ እናቶችም "እኛ ፀሐይ አለን" ብላችሁ አትለፉት። አዳማ አካባቢ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ በተሠራ ጥናት የከተማዎቹ ልጆች ከገጠሮቹ ይልቅ ቫይታሚን ዲ አንሷቸው ተገኝተዋል። ፀሐይዋ አንድ ናት፤ የከተማው ልጅ ቤትና ክፍል ውስጥ ይውላል። ሕፃኑን በመስኮት መስታወት በኩል ማሞቅም አይሠራም፤ መስታወት ዩቪቢን ያስቀረዋል።

አንዳንድ ወላጆች ሆስፒታል ውስጥ ለቢጫነት ሕፃን የሚደረገውን መብራት ከዚህ ጋር ያመሳስሉታል። ያ ሰማያዊ ብርሃን ነው እንጂ አልትራቫዮሌት አይደለም፤ ሐኪም ካዘዘው አትፍሩት፣ አታቋርጡትም። ለለምጽ የሚሰጠውም የጨረር ሕክምና ጠባብ በሆነ የዩቪቢ ክልል፣ በተለካ መጠን፣ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ ነው። በሳንቲም የሚሠራ አልጋ አይተካውም።

አሁን እኔ ስለ ትራስ ሳስብ ወደሚመጣብኝ ነገር ልግባ፤ ይህ ለብዙ ቤት ይጠቅማል። ጠያቂዬ ጀርባ ላይ ነጥተው የቀሩት ቦታዎች፣ አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ የመኝታ ቁስል የሚያወጣባቸው ቦታዎች ናቸው። ስትሮክ የመታቸው አባት፣ ዳሌያቸው የተሰበረ እናት ቤታችሁ ተኝተው ካሉ እነዚህን ቦታዎች በየቀኑ ግለጡና እዩ። ደም ለጥቂት ደቂቃ ሲሸሽ ቀለም ይለያል፤ ለሰዓታት ሲሸሽ ሥጋ ይሞታል። ተኝተው ያሉትን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧቸው፤ ሌሊትም። ትራስ ከባት ሥር አድርጉና ተረከዙ ምንም ሳይነካ አየር ላይ ይዋል። መሐሉ ክፍት የሆነውን እንደ ቀለበት ያለ መቀመጫ አትጠቀሙ፤ ዙሪያውን ይጫንና ደሙን ይባስ ያግዳል። መጻሕፍቱ "ቆዳው መቅላቱን እዩ" ይላሉ፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት ላይታይ ይችላል። በእጃችሁ ዳስሱ። ከዙሪያው ሞቅ ካለ፣ ከጠነከረ ወይም ከለሰለሰ፣ ሲነካ ካመማቸው ቁስሉ ከሥር ጀምሯል። የተጎዳውን ቦታ በቅባት አትሹት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁር ሰው ሜላኖማ ሲይዘው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፤ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር። ቦብ ማርሌይ በ1977 በእግሩ ጣት ላይ የተገኘበት ይኸው ነበር፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። የፀሐይ ጉዳይ አይደለም፣ የሶላሪየምም አይደለም። ዛሬ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ገልብጣችሁ እዩት። የሚያድግ ጥቁር ነጥብ፣ የማይድን ቁስል፣ ወይም በአንድ ጥፍር ላይ አዲስ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካለ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ። የሰውነታችሁን ወይም የልጆቻችሁን ፎቶ ግን እባካችሁ ኮመንት ላይ አትለጥፉ፤ ባለፈው አንዲት እናት የልጇን ጀርባ ለጥፋ እስካጠፋው ድረስ ሦስት ሰው የእንጨት ሥር አዝዞላት ነበር። በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ እሱንም ወዴት እንደምትሄዱ ለመጠቆም እንጂ ለመመርመር አይደለም።