የእማሆይ ማመልከቻ

በሰው ማመልከቻ ላይ ቅኔ ተቀኝቻለሁ። ኃጢአቴ ይኸው ነው። ሲሰሙት የሚያስቅ ይመስላል፤ እኔንም ለዓመታት ያስቀኝ ነበር።

ያን ጊዜ ደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። አገሩ በቅኔ የታወቀ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከደብረ ወርቅና ከዲማ ጊዮርጊስ ሌላ እዚህ ተምረዋል። እኔም እንደማንኛውም ተማሪ አኩፋዳዬን አንግቼ፣ ከውሻ ጋር እየታገልሁ ቁራሽ ለምኜ፣ ግሥ ገስሼ፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቼ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረስሁ።

ጠዋት ቆጠራ ነው። ተማሪው በየዛፉ ሥር ተበታትኖ፣ ደበሎውን ተከናንቦ ብቻውን ያጉተመትማል። ሰም ይመርጣል፣ ወርቅ ይፈልጋል፣ ይሠራል፣ ያፈርሳል። ቀጥሎ ነገራ ይመጣል፤ የቆጠረውን ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው በቃሉ ይነግራል። አንድ ቀን ስለ አጥቢያ ኮከብ ያማረ ነገር ይዤ ቀረብሁ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «ሰሙስ ሰም ነው፤ ወርቁ የታለ?» አሉኝ። ዝም አልሁ። «በል ወደ ዛፍህ!» እንዲህ በሰው ጆሮ ሳያልፍ ማኅሌት የሚገባ የተማሪ ቅኔ አልነበረም። ከደብረ ኤልያስ ይዤ ከወጣሁት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ሥርዐት ነበር፤ እኔ ግን ለቅኔ ብቻ የተሠራ መሰለኝ።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የገጠሩ መሬት በገመድ እየተለካ በደብተር መመዝገብ ጀመረ። የ1989ኙ ድልድል ቁስል ገና አልሻረም፤ ገመድ ያየ ገበሬ ሁሉ ይደነግጣል። ከገበሬው የተመረጠው ኮሚቴ በየማሳው ይዞርና ባለይዞታውን፣ ስፋቱን፣ በአራቱም ማዕዘን ያሉትን አዋሳኞች ይጽፋል። ከዚያ መዝገቡ ይፋ ይሆንና ቅሬታ ያለው እስከዚህ ቀን ያቅርብ ይባላል። ታዲያ በዚያ ሰሞን ብዕር የያዘ ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። እኔም ማመልከቻ እየጻፍሁ የሳሙናና የጫማ አገኝ ነበር።

እማሆይ የመጡት ያኔ ነው። ባላቸው ከሞተ በኋላ ቆብ ደፍተው፣ ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ይኖራሉ። ቁጭ ሳይሉ ጀመሩ፦

«ልጄ፣ ከሾላው ወዲህ ያለችው ማሳ የኔ ናት። ሲለኩ ልጄ ታሞብኝ ደብረ ማርቆስ ነበርሁ። ብመለስ ለጎረቤቴ ተጽፋ ቆየችኝ። አዋሳኞቹ ያውቃሉ፤ ጠይቁልኝ በልልኝ።»

ማመልከቻው ይህ ነበር። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደደረሰባቸው፣ ለምን ሳይቃወሙ እንደቀሩ፣ ማን እንደሚመሰክርላቸው፣ ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ፤ ሁሉም በሁለት ትንፋሽ አልቋል። ወረቀት ላይ ማስፈር ብቻ ነበር የቀረኝ። እኔ ግን ጥሬ ነገር መሰለኝ።

በነቢዩ ኤልያስ ስም በሚጠራ አገር ተቀምጬ የመሬት ነጠቃ ስጽፍ የናቡቴን የወይን ቦታ ሳላነሣ እንዴት ልለፍ? ኤልያስ አክዓብን የገሠጸው በዚሁ ጉዳይ አይደል! ደስታዬ ወሰን አጣ። ጎረቤቱን አክዓብ አደረግሁት። አክዓብ ካለ ደግሞ ኤልዛቤል መኖር አለባትና የሐሰት ምስክር አቁማ ርስት የምታስነጥቅ እጅ ብዬ ወደ ለኪዎቹ ጠቆምሁ፤ ጥሩ ኅብር የሰጠሁ መስሎኝ። ሾላዋ በሦስተኛው ገጽ ላይ ዘኬዎስ የወጣባት ዛፍ ሆና ብቅ አለች። የደብረ ማርቆሱ ነገር ከስንኙ ጋር አልሄድ ስላለኝ ጭራሽ ተውሁት።

ማታ ጠላ ቤት ለጓደኞቼ አነበብሁላቸው። «ይበል! ይበል!» አሉ። ለባለጉዳይዋ ግን አላነበብሁላቸውም። ጠዋት ሲመጡ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ፤ ስለ ድካሜ አንድ ቁና ጤፍ ሰጡኝ። ተቀበልሁ።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። የተነበበላቸው ሰዎች መጀመሪያ አልገባቸውም። ቀጥሎ ኤልዛቤል ላይ ሲደርሱ ገባቸው፤ ተሰደብን አሉ። እማሆይን «ምን ይደረግልኝ ነው የሚሉት? የትኛዋ ማሳ ናት? አስተካክለው ያምጡ» ብለው መለሷቸው። በእውነት ፍረዱ ብባል እኔም እንዲሁ እመልሳቸው ነበር። እማሆይ ወደ እኔ ሲመጡ እኔ ለንግሥ በዓል ቅኔ ላቀርብ ወንዝ ተሻግሬያለሁ። ስመለስ የቅሬታው ቀን አልፏል።

እንግዲህ ቅኔን መውቀስ እንዳይመስልብኝ። ሰም ወርቁን የሚሸፍነው ሰሚው ቆፍሮ እንዲያገኘው ነው፤ ማኅሌት የቆመው ሊቅም ሊቆፍር ፈልጎ ነው የመጣው። በበላ ልበልሃው ዘመንም ኩታውን ያጣፋ ተሟጋች በአነጋገሩ ዳኛ ይረታ ነበር ይባላል። ግን ዳኛው ፊት ለፊቱ ነበር፤ ያልገባውን መልሶ ይጠይቀዋል። የእኔ ወረቀት ብቻውን ነው የሄደው። የተቀበለው ሰውም ገና ያላያቸው ብዙ ወረቀቶች ከፊቱ ተከምረዋል። ለማን እንደምጽፍ አንዲት ጊዜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ናቡቴ በመጽሐፉ ይቀር ነበር።

ሐዲስን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ ስድ ንባባቸውን በሰም አልሸፈኑትም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር ተከታትሎታል። ሐዲስ በሰም ያልሸፈኑት ቅኔውን ስላላወቁት አይደለም፤ ቦታውን ስላወቁት ነው። ይህን መጽሐፍ ያኔም አንብቤዋለሁ፤ ያየሁበት ገጸ ባሕርዩን ጉዱ ካሣን ብቻ ነበር።

የሚከብደኝ ግን ማመልከቻው አይደለም። ከንግሥ ስመለስ እማሆይን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ያደርጉኛል ያልሁትን አላደረጉኝም። «አንተስ አሳምረህ ጽፈህልኝ ነበር ልጄ፤ እነሱ ናቸው ያልገባቸው» አሉኝ። እኔም «አዎ እማሆይ፣ አልገባቸውም» አልሁ። እንዲያ እንዳሉ አረፉ። ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ቀኖናዬንም ጨርሻለሁ። «ለሟች ወገን ነግረሃል ወይ?» ሲሉኝ ግን አልነገርሁም ነበር።

በቅርቡ ወደ ልጃቸው ሄድሁ። ያ ታሞ የነበረው ነው፤ አሁን የልጆች አባት ሆኗል። የሆነውን ነገርሁት። ከዚያ ያኔ መጻፍ የነበረብኝን አውጥቼ አነበብሁለት፦

«የሟች ባለቤቴ ይዞታ የነበረው፣ በምሥራቅ ሾላው፣ በምዕራብ ወንዙ የሚያዋስነው ማሳ፣ ልጄን ለማሳከም ደብረ ማርቆስ በሄድሁበት ጊዜ ተለክቶ በጎረቤቴ ስም ተመዝግቧል። ማሳውን እስከዚያው ድረስ በእኩል አሳርሰው እንደነበር አዋሳኞቼ ያውቃሉ፤ ስማቸውን ከዚህ በታች ጽፌያለሁ። ኮሚቴው እነሱን ጠይቆ ምዝገባውን እንዲያርምልኝ አመለክታለሁ።»

ገና «ወንዙ» ላይ ስደርስ እጁን አንሥቶ አስቆመኝ። «ወንዙ በደቡብ ነው። በምዕራብ ያለው የአጎቴ ማሳ ነው።» እዚያው ሰርዤ አስተካከልሁ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው።

«አሁን ይህን ለማን ነው የምንሰጠው?» አለኝ። ማሳዋን እያረሰ ያለው የጎረቤትየው ልጅ ነው፤ ያቺን የምዝገባ ዓመት ገና አልተወለደም ነበር። መልስ አልነበረኝም።