አጥርና ግድግዳ የሌለው ሙዚየም
(ከዲላ እስከ ጨልባ ቱቲቲ)



የትምህርት ዕረፍቱ እንደተጀመረ፣ ዲላ ከተማ በምናስተምርበት መድረሳ ያሉ ከፍ ያሉ ተማሪዎቻችን ጥያቄ አቀረቡልን። «ኡስታዝ፣ አዲስ አበባ ውሰዱን» አሉ። በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተውን አንድነት ፓርክ፣ ስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን ሙዚየም፣ በብሔራዊ ሙዚየም ያለችውን ድንቅነሽን አንድ በአንድ ቆጠሩልን። ሁሉንም ያዩት በቴሌቪዥን ነው። ቁጭ ብለን ሂሳቡን ሠራን። መንገዱ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሃያ ሁለት ልጆች የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ማደሪያና ምግብ ሲደመር የወላጆች አቅም የሚችለው አልሆነም።

«እንግዲያውስ እዚሁ ያለውን ሙዚየም እናያለን» አልናቸው። ሳቁብን።

እውነቱን ለመናገር እኛም ለመሳቅ የምንበቃ ነበርን። በመንግሥት ትምህርት ቤት የአክሱምን ሐውልት ቁመት በቃላችን አጥንተናል፤ በመድረሳ የአንዳሉስን መስጊዶች ታሪክ ተምረናል። ከቤታችን ደጅ በግማሽ ቀን ደርሶ የሚመለሱበትን የጌዴኦን ትክል ድንጋይ ግን እስከ ሠላሳ ዓመታችን ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያየነው፤ እሱንም በችኮላ።

ሪያድ ላይ የተጠራ ስም

መስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ ተሰብስቦ ሳለ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በዚያው ጉባኤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ተመዝግቧል። በ1998 ዓ.ም. የተመዘገበችውን ሐረርን ብዙዎቻችን እናውቃታለን፤ በጀጎል ግንብ የታጠረች ናትና የቅርሱ ወሰን ለዓይን ይታያል። የጌዴኦ ቅርስ ግን ግንብ የለውም። የተመዘገበው ትክል ድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ የሚኖርበት ተዳፋት፣ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጥላ ዛፉና አባቶች እንዳይነካ የጠበቁት ደን ጭምር ነው። ሰው ገብቶ እያረሰ፣ እየበላና እየኖረበት ያለ ሙዚየም ነው ማለት ይቻላል።

ቱቱ ፈላ

ከወላጆች በተዋጣ ገንዘብ አንድ አይሱዙ ተከራይተን በማለዳ ተነሣን። ከዋናው የሞያሌ መንገድ ወጥተን ዳገቱን ስንያያዘው አየሩ ቀዘቀዘ፤ ልጆቹም ዝም አሉ።

ቱቱ ፈላ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ድንጋዮች ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዳንዱ ክብ ሆኖ የተጠረበ ነው፤ በሌላው ላይ የሰው ፊት ተቀርጾበታል። ሮዠ ዡሶም የተባሉት የፈረንሳይ የአርኪዎሎጂ ተመራማሪ እዚህ ቆፍረው ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር አግኝተዋል። ከዚህ ሌላ ሳካሮ ሶዶ በተባለው ሥፍራ የተደረገ ጥናት ደግሞ የዚያ ሥፍራ ትክል ድንጋዮች ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የቆሙ መሆናቸውን አመልክቷል። ይህም ቀደም ሲል ከተገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ይቀድማል። ከዚያው ከተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የተሠሩበት ድንጋይ የመጣው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሰሜን ኬንያ ነው። ዛሬ ከባድ መኪና የሚመላለስበት የሞያሌ አቅጣጫ ያኔም ሰው ይመላለስበት ኖሯል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ተማሪያችን እጇን አወጣች። «ኡስታዝ፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ መጥቶ ማየት አይከለከልም?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከአንባብያንም መካከል በልቡ የያዘው አይጠፋም። የመለስንላት እንዲህ ነው። እኛ የመጣነው ለድንጋዩ ክብር ልንሰግድ ወይም ከሙታን ልንለምን አይደለም፤ ይህ ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ። አላህ (ሱ.ወ.) ግን በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩት ፍጻሜያቸው ምን እንደሆነ እንድናስተውል በቁርኣን ደጋግሞ አዞናል። መቃብርን መጎብኘትም መጪውን ዓለም እንደሚያስታውስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ሙስሊሞች ግብፅ ከገቡ ከ1300 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ፒራሚዶቹ ግን እንደቆሙ ናቸው። እነዚህንም የአካባቢው አባቶች በክብር ይዘዋቸዋል፤ የጎረቤትን አደራ አለመንካት ከኛም ይጠበቃል። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ደብተሯን አውጥታም አንዱን የድንጋይ ፊት መሳል ጀመረች።

የዙህር ሶላትና የእንሰት ቅጠል

ጨልባ ቱቲቲ ስንደርስ ፀሐይ ከአናት አልፋ ነበር። የዚህኞቹ ድንጋዮች ረጃጅሞች ናቸው፤ ከሰው ቁመት ሦስት እጥፍ የሚበልጡ አሉባቸው። ብዙዎቹ ግን ወድቀዋል፤ ከፊሎቹም ተሰብረዋል። ከአንዱ ስብራት ላይ ማጭድ የተሳለበት ምልክት አየን። ማንንም ለመውቀስ አልተቻኮልንም፤ እኛም እስከዚያ ቀን ድረስ ዋጋውን የማናውቅ ነበርንና።

የዙህር ወቅት ስለገባ፣ በመቃብር መካከል መስገድ የማይፈቀድ በመሆኑ ወደ አንድ የገበሬ ግቢ ወረድን። ባለቤቱ የኛን እምነት ተከታይ አይደሉም፤ አማርኛም ብዙ አይናገሩም። አንድ ተማሪያችን በጌዴኡፋ ነገራቸው። ሽማግሌው በጀሪካን የውዱእ ውኃ አስቀዱልን። ከዚያም ወደ ጓሮ ገብተው ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው መጡና በዋንዛው ጥላ ሥር ራሳቸው አነጠፉልን። ሰግደን ስንጨርስ ቆጮና ጎመን ቀርቦ፣ ቡናም ተፈልቶ ጠበቀን።

ያን ጊዜ ግቢውን ዞር ብለን አየነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ መሐል ቡና፣ ከታች ጎመንና ቅመማ ቅመም። የዛፉ ቅጠል ረግፎ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ጥላው ቡናውን ከፀሐይ፣ ሥሩ አፈሩን ከጎርፍ ይይዛል። እንሰቱ ዝናብ ቢቀር እንኳ ቆሞ ስለሚጠብቅ የቤተሰብ ጎተራ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ማለት ነው። ይህን ያህል ሰው በዚህ ተዳፋት ላይ ሲኖር ተራራው ራቁቱን ያልቀረው በዚህ ዘዴ ነው። የይርጋጨፌ ቡና በዓለም ገበያ ስሙ የተጠራውም ከዚህ ጥላ ሥር በቅሎ ነው።

አብሮን ከነበሩት ልጆች አንዱ፣ ስሙን ይቆየን፣ ከሁሉም ይልቅ ጸጥ ብሎ ነበር። ኋላ እንደነገረን አባቱ ዛፎቹን ለጣውላ ሸጠው፣ ቡናውንም ነቅለው ጫት ሊተክሉ ወስነዋል። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ጫት ግን በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ የልጆች ደብተርና ልብስ ደግሞ ዓመት አይጠብቅም። ልጁ ሽማግሌውን «ዛፍ መሸጥ ጥፋት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው አልተቆጡትም። እጁን ይዘው ወደ ግቢያቸው ዳር ወሰዱትና ቀይ አፈር ያፈጠጠበትን ተዳፋት አሳዩት። «ይህን እኔው ነኝ የመነጠርኩት» አሉ። «ገንዘብ አላመጣም አልልህም፣ አምጥቷል፤ የቤቴን ቆርቆሮ የገዛሁት በሱ ነው። ግን በሁለት ክረምት አፈሩ ወንዝ ወረደ። ቆርቆሮ እንደገና ይገዛል። አፈሩን ከየት እገዛለሁ?» ተርጓሚው ልጅ የመጨረሻዋን ቃል ሲያደርስ ድምፁ ቀነሰ።

ከተመለስን በኋላ

ወደ ዲላ ስንመለስ ስለ አዲስ አበባ ያነሣ አልነበረም። ይህን ስንል አዲስ አበባ አትታይ ማለታችን አይደለም፤ አላህ ካለ አንድ ቀን እንወስዳቸዋለን። የራሱን ቤት ያየ ልጅ ግን የሌላውንም ሲያይ በተሻለ ዓይን ያያል።

ከሁለት ወር በኋላ ያ ልጅ መጣ። አባቱ ከአምስቱ ዋንዛ ሁለቱን ሸጠዋል፤ ሦስቱን በልጁ ልመና ትተዋቸዋል። እሱም ከጉቶዎቹ አጠገብ አራት ችግኝ መትከሉን ነገረን። ትንሽ ነው፤ ግን ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የበላለት ተክል ለተካዩ ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩትን ይዞ ነው የተከለው።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ ወላጆች፦ በክረምት ጭቃው ስለሚያዳልጥ በበጋ ሂዱ። የአካባቢውን አባቶች አስፈቅዱ። ልጆች ድንጋዩ ላይ እንዳይወጡና ስም እንዳይጽፉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ለሶላት ከመቃብሩ ራቅ በሉ፤ ለዚህ ግቢውን የሚነፍግ ጌዴኦ አላጋጠመንም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ።